የማይክሮባዮሎጂ ሚድ ደረሰ፣ የግራም ስላይዴ ግን ሁሌ ሮዝ ነው

የፒያሳዋ፦ ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ደሴ የጤና ተማሪ ነኝ። ላብ ላይ በግራም ቀለም (ባክቴሪያን ሐምራዊና ሮዝ ብሎ በሚለየው) የስታፊሎኮከስ ስላይዴ ሐምራዊ መሆን ሲገባው ሮዝ ይወጣል። ንባቡም የስም ክምር ሆኖብኛል፤ ዛሬ የያዝኩት ነገ ይጠፋል። ሚድ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ከምን ልጀምር?

ጦሳ፦ አብሽሪ እህቴ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አልኮሉ ላይ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት 1 ደቂቃ፣ በውኃ ማለቅለቅ፤ አዮዲን 1 ደቂቃ፣ ማለቅለቅ። ከዚያ ስላይዱን አዘንብለሽ 95 በመቶ አልኮል በጠብታ አፍስሺበት። ዓይንሽ ከጠርዙ በሚወርደው ጠብታ ላይ ይሁን፦ ሐምራዊነቱ ለቆ ሲጠራ ወዲያው በውኃ አቁሚው። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ነው፤ አሴቶን ካለበት ከዚያም ያንሳል። በመጨረሻ ሳፍራኒን 1 ደቂቃ። አዮዲኑ ከቀለሙ ጋር ተጣብቆ ትልቅ ውህድ ይሠራል፤ ወፍራሙ ግድግዳ በአልኮል ሲደርቅ ተኮማትሮ ውስጡ ይይዘዋል። አልኮሉ ከበዛበት ግን እሱም ይለቃል።

አልኮሉን አስተካክለሽም ሮዝ ከሆነ የኮሎኒውን (ሳህን ላይ ያደገውን የባክቴሪያ ክምር) ዕድሜ ጠይቂ። ከ24 ሰዓት ያለፈ ግራም ፖዘቲቭ (ሐምራዊ መሆን ያለበት) ግድግዳው ስለሚዳከም ሮዝ ይመስላል። በእሳት ስታሳልፊውም ስሚሩ (ስላይዱ ላይ የቀባሽው ናሙና) በአየር ከደረቀ በኋላ 2 ወይም 3 ጊዜ ብቻ፤ የእጅሽን ጀርባ ካቃጠለ በዝቷል። ስሚሩ ከወፈረ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፣ ሮዝ መሆን ያለበት ኢ. ኮላይ እንኳ ሐምራዊ ይሆናል። በስላይዱ ዳርና ዳር የታወቀ ስታፊሎኮከስና ኢ. ኮላይ አድርጊ፤ ሁለቱ ትክክል ካልወጡ መሐል ያለውን አትመኚው።

ቦርከና፦ ስሞቹን በዝርዝር አትያዣቸው። ባዶ ወረቀት ላይ ዛፍ ሥሪ። ሐምራዊና ክብ ከሆነ ካታሌዝ (ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጣል አድርጎ ማየት)፦ አረፋ ካለ ስታፊሎኮከስ፣ ከሌለ ስትሬፕቶኮከስ። ስታፊሎኮከሱ ፕላዝማ ካረጋ ኦሪየስ በይው። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ብለድ አጋሩን (ደም ያለበትን ማብቀያ) እዪ፦ ዙሪያው ጥርት ካለ ቤታ፣ አረንጓዴ ከመሰለ አልፋ። ሮዝ ዘንግ ከሆነ ወደ ማኮንኪ (ላክቶስ ያለበት ማብቀያ)፦ ሮዝ ኮሎኒ ላክቶስ የሚበላ ነው፣ እንደ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ፤ ሳልሞኔላና ሺጌላ ቀለም የላቸውም። በየሁለት ቀኑ ደብተር ሳትገልጪ እንደገና ሣዪው፤ የጎደለው ቅርንጫፍ ነው የዚያን ቀን ንባብሽ።

ላብ ኮምቦልቻ፦ ሒሳቡንም አትዝለዪ። ከ10⁻⁵ ቱቦ (ናሙናው 100,000 ጊዜ ከቀጠነበት) 0.1 ሚሊ ሊትር ዘርተሽ 150 ኮሎኒ ከቆጠርሽ፣ 150 ሲካፈል ለ0.1 ሲካፈል ለ10⁻⁵፣ 1.5 × 10⁸ በሚሊ ሊትር ነው። ከ30 በታች ወይም ከ300 በላይ ያለውን ሳህን አትቁጠሪ። 0.1ኙን መርሳት መልሱን በ10 እጥፍ ያሳንሰዋል።

አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ላይ፣ 121 ዲግሪ በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚባለው ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጩ ግፊት ያንሳል፤ ጌጁ (የግፊት ማሳያው) ደግሞ ከእሱ በላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያነበው። 15 ላይ ብታቆሚው ወደ 117 ዲግሪ ይቀራል። ደሴ ላይ ወደ 19፣ እኛ ጋ ኮምቦልቻ ወደ 18 ያስፈልጋል፤ ማሽኑ እንደሚችለው መጀመሪያ አረጋግጪ።

የፒያሳዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ነገር፤ ስትሬፕቶኮከሱም ካታሌዝ ላይ ትንሽ አረፋ አወጣ። ለምን?

ቦርከና፦ ከብለድ አጋር አንስተሽው ይሆናል። ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታሌዝ አለው። አጋሩን ሳትነኪ የኮሎኒውን አናት ብቻ በእንጨት ስንጥር ስላይድ ላይ አድርጊና 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጣል አድርጊበት። የኒክሮም ሉፕም (የሽቦ ማንሻው) ብቻውን አረፋ ሊያስወጣ ይችላል።