ከኬሞ በፊት እንቁላል ማስቀመጥ ይቻል ይሆን?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት እኅቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ኬሞ ትጀምራለች። እጢው በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ከዚያ ቀጥሎ ለዓመታት ታሞክሲፌን የተባለ የሆርሞኑን ሥራ የሚገታ ክኒን እንደምትወስድ ተነግሯታል። ገና አላገባችም፤ መውለድ ግን አጥብቃ ትመኛለች። እስካሁን ይህን ያነሣላት ሐኪም የለም፤ እርሷም «ነፍሷ ሳይተርፍ ልጅ አማራት ይሉኛል» ብላ አፍራለች። በቀረው ጊዜ ምን ማድረግ ይቻላል? እንቁላል ለማውጣት የሚሰጠው ሆርሞንስ ካንሰሩን አያባብስም?

መልስ 1፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። በካንሰር ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ለጡት ካንሰር በብዛት ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ሳይክሎፎስፋማይድ ኦቫሪን (እንቁላል የሚመረትበትን የሴት አካል) ክፉኛ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ዕድሜና የመድኃኒቱ መጠን በጨመሩ ቁጥር ይከፋል። እንቁላሎችን በመርፌ አሳድጎ ለማውጣት ሁለት ሳምንት ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ዛሬ ዛሬ የወር አበባ እስኪመጣ መጠበቅም የግድ ስላልሆነ፣ ሦስት ሳምንት ይበቃል፤ የሚባክን ቀን ግን የለውም። ለፈሩት ነገር ደግሞ፣ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ከፍ እንዳይል ከመርፌው ጋር ሌትሮዞል የተባለ ክኒን ይሰጣል። እኅትዎ ስላላገቡ የሚቀመጠው ጽንስ ሳይሆን ያልተዳቀለ እንቁላል ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የተከፈተ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ፤ የካንሰር ሐኪሟ ሪፈር ጽፈውላት ነገ ዛሬ ሳትል ሄዳ እንቁላል ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ትጠይቅ።

መልስ 2፦
እኔ በ31 ዓመቴ ታክሜ፣ ጊዜም ገንዘብም ስላልነበረኝ እንቁላል ሳላስቀምጥ ቀርቻለሁ። የታዘዘልኝ ጎሰረሊን የተባለው በየወሩ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነበር። ኦቫሪን በኬሞው ወቅት ያስተኛዋል፤ ከመጀመሪያው ኬሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። የወር አበባዬ ከስምንት ወር በኋላ ተመልሷል፤ መውለድ መቻሌን ግን ይህ ብቻውን አያረጋግጥልኝም። የወር አበባ ቀረ ማለትም አይጸነስም ማለት አይደለምና፣ በሕክምናው ወቅት ሆርሞን የሌለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል።

መልስ 3፦
የጎሰረሊን መርፌው እንቁላል የማስቀመጥ ምትክ እንዳይመስል እሰጋለሁ፤ ከተቻለ ሁለቱም ቢደረጉ ይመረጣል። ታሞክሲፌን ላይ እያሉ ማርገዝ ክልክል ነው። ሆኖም በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ18 እስከ 30 ወር እንደ ታሞክሲፌን ያለ የሆርሞን ሕክምና ወስደው ለመውለድ ሲሉ እስከ ሁለት ዓመት ያቋረጡትን ሴቶች ተከታትሎ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ የካንሰሩ መመለስ ሕክምናውን ካላቋረጡት ሴቶች እንዳልበለጠ አሳይቷል። ማቋረጡ በሐኪም ፈቃድ ብቻ ነው።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሐሙስ ቀጠሮ ስላላት አብሬያት ገብቼ፣ እርሷ ብታፍር እኔው እጠይቅላታለሁ።