«ዜሮው 3 ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የሒሳብ ጽሑፍ እያረምሁ «የዚህ ፖሊኖሚያል ዜሮዎች 3 እና 5 ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገጠመኝ። ዜሮ ባዶ ነው፤ ባዶ እንዴት 3 ይሆናል? ሁለት ገጽ አልፎ ደግሞ እነዚሁን ቁጥሮች «ሥሮች» ይላቸዋል። የትኛውን ላስቀር?

መልስ፦ ያደናገረዎት የውጤቱ ስም ለአድራጊው መሰጠቱ ነው። ፖሊኖሚያል ማለት የአንድ ያልታወቀ ቁጥር ርቢዎች በቁጥር እየተባዙ የሚደመሩበት አገላለጽ ነው፤ ለምሳሌ ተ² − 8ተ + 15ን ይውሰዱ። በ«ተ» ቦታ 3 ሲገባ 9 − 24 + 15 ይሆናል፤ ባዶ። 5 ሲገባ 25 − 40 + 15፤ ይህም ባዶ። እንግዲህ 3 ባዶ አድራጊ እንጂ ባዶ አይደለም። ሰባሪን ከሰባራ በአንዲት ፊደል የሚለይ ቋንቋ ይዘን እንዲህ ያለ ስም መዋሳችን ያሳዝናል። «ሥር» ዕድሜ ጠገብ ነው፤ በ9ኛው ምዕተ ዓመት አልኽዋሪዝሚ ያልታወቀውን ቁጥር በዐረብኛ «ጂዝር» ይለው ነበር፤ ትርጉሙም ሥር ነው። ሁለቱንም ያቆዩ፦ ለፖሊኖሚያል ዜሮ፣ ለእኩልታ ሥር።

ሌላ መልስ፦ «ኮኤፊሸንት»ም፣ ማለትም ተን ወይም ተ²ን የሚያባዛው ቁጥር፣ የአድራጊ ስም ነው። ፈረንሳዊው ቪዬት (1540–1603) ከላቲን ያበጀው ሲሆን «አብሮ አድራጊ» እንደ ማለት ነው። አብሮነቱም እውነት ነው፦ 3 እና 5 ሲደመሩ 8፣ ሲባዙ 15። 8ም 15ም ከላይ ባለው ፖሊኖሚያል ውስጥ ተቀምጠዋል። 8 የመቀነስ ምልክት የያዘው (ተ − 3)(ተ − 5) ሲባዛ −3ተ እና −5ተ ስለሚደመሩ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦ ይህ የሚሠራው የተ² ኮኤፊሸንት 1 ሲሆን ብቻ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። 2ተ² + 3ተ − 20 ብንል ዜሮዎቹ 2.5 እና −4 ናቸው። ድምራቸው −1.5 እንጂ −3 አይደለም፤ ሲባዙም −10 እንጂ −20 አይሆኑም። ሁሉን በመሪው ኮኤፊሸንት፣ በ2፣ ማካፈል ያስፈልጋል። ጽሑፉ «ድምሩ ከመካከለኛው ኮኤፊሸንት ጋር እኩል ነው» ብቻ ብሎ ካለፈ እርማት የሚፈልገው ከቃሉ ይልቅ ሒሳቡ ነው።

ጠያቂው፦ እንደ ፈሩት ነው፤ ማካፈሉንም የምልክት ለውጡንም ዘሎታል፤ ለጸሐፊው እመልሳለሁ። «ዜሮ»ን አልነካውም፤ መጀመሪያ በመጣበት ቦታ «ባዶ አድራጊ ቁጥር» የሚል ፍቺ እጨምርለታለሁ። አሁን የቀረችኝ «ብዜት» ናት፦ አንድ ቦታ «የ3 ብዜቶች»፣ ሌላ ቦታ «የ3 እና የ5 ብዜት» ይላል። እርሷን ምን ላድርጋት?