ክፍል ውስጥ የሚነበበው መጽሐፍ፦ ልጄን ላስወጣት ወይስ ትቀመጥ?

እናት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያላችሁ ወላጆች እባካችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ፣ ጭንቅላቴ ዞሯል። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነች። ሰኞ ቦርሳዋን ስፈትሽ ከምሳ ዕቃዋ ስር የተጨማደደ ወረቀት አገኘሁ፣ በአንድ ጎኑ እንግሊዝኛ በሌላው አማርኛ፣ በሚቀጥሉት ሳምንታት ክፍል ውስጥ የሚነበቡ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ትዳርና ስለመሳሰለው የሚያወሩ የሦስት ተረት መጽሐፍ ስም አለበት፣ ልጅዎ እንዲሳተፍ ካልፈለጉ ፈርመው እስከ ሐሙስ ይመልሱ ይላል። አማርኛውን ሦስቴ አነበብኩት፣ «ከተሳትፎ መርጦ መውጣት» ምን እንደሆነ የገባኝ ግን እንግሊዝኛውን ሳይ ነው 😅

ባለቤቴ ወረቀቱን አንዴ አየት አድርጎ «ፈርሚና ላኪ፣ ምን ያስጨንቃል» አለ። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ልጄ ዓርብ ዓርብ ሁሉም ፒዛ ሲበላ እሷ በቴርሞስ የያዘችውን ሽሮ ፍርፍር ነው የምትበላው፣ ጾም ነው ብላ ማስረዳቱንም ለምዳዋለች። አሁን ደግሞ ሁሉም ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ እሷ ተነስታ ልትወጣ ነው። ስነግራት «ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

ሌላው ደግሞ ሕጉ ራሱ ግራ ገብቶኛል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዷ መጽሐፎቹ በፍርድ ቤት ታግደዋል አለችኝ፣ ሌላዋ ጉዳዩ ገና አላለቀም አለች፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ ወላጅ ያልወደደውን ትምህርት ሁሉ ማስቀረት ይችላል ሲባል ሰማሁ፣ ሒሳብ ሳይቀር 😂 የቱ ነው እውነቱ?

ፓራሊጋል_ነኝ

እህቴ ጠበቃ አይደለሁም፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው፣ ግን እዚሁ ካውንቲ ስለምኖር ፍርዱን ከአንዴም ሁለቴ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ዋናውን ልንገርሽ፣ የታገደ መጽሐፍ የለም። መምህሯ ማንበብ ትችላለች፣ አንቺ ደግሞ አስቀድሞ ሊነገርሽ ይገባል፣ በሃይማኖትሽ ምክንያትም ልጅሽን ልታስወጪ ትችያለሽ። በቃ ይሄ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2022 መጨረሻ አካባቢ ነው። ትምህርት ቦርዱ የተመሳሳይ ጾታ ትዳርና ትራንስጀንደር (ከተወለዱበት ጾታ ሌላ ነን የሚሉ) ልጆች ያሉባቸው የተረት መጽሐፎች ወደ ትናንሽ ክፍሎች አስገባ፣ ያስገባው ግን በጤና ትምህርት ሳይሆን በእንግሊዝኛ ንባብ ክፍለ ጊዜ ነው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ያለው። በሜሪላንድ በጾታና በቤተሰብ ሕይወት ትምህርት ላይ ወላጅ ልጁን የማስወጣት መብት ድሮም አለው፣ እነዚህ ግን ንባብ ናቸው ተባለ። መጀመሪያ ላይ ቦርዱ ራሱ ማስወጣት ይፈቅድ ነበር፣ ማርች 2023 ላይ ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ የለም አለ። ያቀረበው ምክንያት የሚወጣው ልጅ በዛ፣ መምህራን መቆጣጠር አቃታቸው፣ ቤታቸው እንደዛ የሆነ ልጆች ደግሞ የተገለሉ ይመስላቸዋል የሚል ነው።

ሙስሊም፣ ካቶሊክና የዩክሬን ኦርቶዶክስ ወላጆች ከሰሱ። ኦገስት 2023 የፌደራል ዳኛዋ ቦርዱ ልጆቹን እንዲያስወጣ የሚያስገድድ እግድ አልሰጥም አለች፣ ሜይ 2024 ሪችመንድ ያለው ይግባኝ ሰሚ 2 ለ1 አጸናው፣ ጁን 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 ገለበጠው። «ማህሙድ በቴይለር ላይ» እያሉ የሚያወሩት እሱን ነው፣ ማህሙድ ከወላጆቹ አንዱ ነው፣ ቴይለር ደግሞ የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ኃላፊ። ስማቸው ከተጻፈው ከሳሾች ውስጥ የኛ ሰው የለም፣ በ2023 ሮክቪል ቦርዱ ደጃፍ በተደረገው ሰልፍ ላይ ግን ማን እንደነበረ በዛ ያለፈ ሁሉ ያውቃል 😄

ገና አላለቀም ያለችሽ ሴት እንደዛ ያለችው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 የሰጠው ጊዜያዊ እግድ ስለነበር ነው፣ መጽሐፎቹ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ፣ ክሱ እስኪያልቅ ማለት ነው። ሒሳቡን ግን እርሺው፣ ጥያቄው ስለ ሃይማኖት ነው።

አንድ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር ልጨምርልሽ። የተቃውሞ ሐሳቡን የጻፈችው ዳኛ ሶቶማዮር ከመጽሐፎቹ አንዱን ሙሉውን ከነሥዕሉ ከፍርዱ ኋላ አያይዛዋለች። አጎቷ ወንድ ስለሚያገባ ልጅ የሚያወራው ነው። የስድስቱን ዳኞች ፍርድ የጻፈው ዳኛ አሊቶ ያንኑ መጽሐፍ አንብቦ የተመሳሳይ ጾታ ትዳርን መቀበል በደስታ ሊከበር የሚገባ ነገር አድርጎ ያቀርባል አለ፣ እሷ ደግሞ ልጅ ሐሳብ ስለሰማ ብቻ ሃይማኖቱ አይነካም አለች። ስለዚህ በሰው አፍ ከምትሰሚ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዌብሳይት ላይ በነጻ አንብቢውና ራስሽ ፍረጂ።

የወሎ_ልጅ

እህት እኔ ሙስሊም ነኝ፣ በ2023 ሰመር ሮክቪል ከቆሙት አንዷ ነበርኩ። ሂጃብና ነጠላ ጎን ለጎን ነበር የቆምነው። አንዲት የማላውቃት እናት የኔን ሕፃን ለአንድ ሰዓት ያህል በሷ ጋሪ ስትገፋልኝ ነበር፣ ደሴ የተውኩትን ጉርብትና እዚህ አገኘሁት ብዬ ስቄያለሁ። እና ሰው አሁን መጽሐፍ ሊያቃጥሉ የወጡ እያለ ሲያወራብን ይከፋኛል፣ እኛ ያልነው ንገሩን ነው፣ የቤታችንን ነገር ከቤታችን በፊት አትንገሩብን ነው።

የኔ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ፈርሜ አስወጥቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ላይብረሪ ተቀምጦ ወረቀት ሲሠራ ቆየ፣ ከዛ አውቶቡስ ላይ ጓደኛው መጽሐፉን ከሀ እስከ ፐ ተረከለት። ቤት ሲገባ «ማሚ ሠርግ ነው፣ ኬክ በሉ» አለኝ። እኔና ባሌ ተያየን 😂 ግን አልጸጸትም። ከጓደኛው መስማቱና መምህሩ ቁጭ አድርጎ ማስተማሩ ለኔ አንድ አይደለም።

ረዳት_መምህርት

እኔ ደግሞ ፓራ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ ረዳት መምህርት ማለቴ ነው፣ የሚወጡትን ልጆች ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ማንም ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ። ንባቡ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም። ችግሩ የሚመጣው አወጣጡ ላይ ነው። ሁሉም ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መምህሯ መጽሐፉን ካነሳች በኋላ ስም ተጠርቶ ሲወጡ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያያቸዋል፣ ልጅሽ «ምን አጥፍቼ ነው» ያለችው ያኔ ነው እውነት የሚሆንባት። ከመቀመጣቸው በፊት መጽሐፍ ልመልስ ብላ እንደሄደች ወደ ላይብረሪ ብትሄድ ግን ማንም ልብ አይላትም። ለመምህሯ ሁለት መስመር ኢሜይል ጻፊላት፣ እሷም የምትወደው እሱን ነው።

ሌላውን ነገር ደግሞ ቅር ይበላችሁ እንጂ እናገራለሁ። እኔም ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ። እኔ ያለሁበት ክፍል ሁለት እናቶች ያሏት ልጅ አለች። ጓደኛዋ ስትወጣ አይታ ስመለስ «ስለኛ ቤት ስለሆነ ነው የወጣችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። እስክሪብቶ ወድቆብኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ፣ ምን ልበላት።

የወሎ_ልጅ

@ረዳት_መምህርት የልጅቷ ነገር አንጀቴን በላኝ ወላሂ። ግን እህቴ መፍትሔው የኔ ልጅ መቀመጥ ነው? ሁለቱንም ልጅ እዛ ሁኔታ ውስጥ የከተተው ነገሩን ንባብ ውስጥ ያስገባው ሰው ነው።

ረዳት_መምህርት

መፍትሔ አላልኩም እኮ። ያየሁትን ነው የነገርኳችሁ።

ጋሼ_ዳላስ

ልጆች፣ እናንተ ሜሪላንድ ሆናችሁ ልጅ ይውጣ አይውጣ ትላላችሁ፣ እኛ ቴክሳስ መጽሐፉን ነው የሚያወጡት። ላኖ የሚባል ካውንቲ አለ፣ የሕዝብ ላይብረሪ ነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም፣ 17 መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረዱ። ከነዛ ውስጥ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረውን የነጮች ቡድን የኩ ክለክስ ክላንን ታሪክ የሚተርክ አለበት፣ ከሱ ጋር አብረው ደግሞ ስለ ፈስ የሚያስቁ የልጆች መጽሐፎች ወረዱ፣ እውነቴን ነው፣ ስለ ፈስ። ነዋሪዎች በ2022 ከሰሱ፣ ሜይ 2025 ኒው ኦርሊንስ ያለው ይግባኝ ሰሚ 10 ለ7 ሆኖ ላይብረሪ መጽሐፍ ቢያወርድ መረጃ የማግኘት መብቴ ተነካ ብላችሁ መክሰስ አትችሉም አላቸው። ዲሴምበር 2025 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም ብሎ ዘጋው፣ ስለዚህ ለቴክሳስ፣ ለሉዊዚያናና ለሚሲሲፒ ሕጉ እሱ ነው። እኔ በደርግ ጊዜ መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልሎ ጓሮ የቀበረ ሰው ልጅ ነኝና መጽሐፍ ወረደ ሲባል ሆዴን ያመኛል። ልጅሽን ብታስወጪ መብትሽ ነው የኔ ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ እንዳያነብ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሁድ እሁድ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያወሩትን ንገሪልኝ።

ፓራሊጋል_ነኝ

ጋሼ ልክ ነዎት፣ ሁለቱ ጉዳዮች መንገዳቸውም ለየቅል ነው። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ማውረድን በተመለከተ የቆየው ፍርድ የ1982ቱ የፒኮ ጉዳይ ነው፣ ሎንግ አይላንድ ላይ አንድ ቦርድ ከትምህርት ቤት ላይብረሪ ዘጠኝ መጽሐፍ አወጣ፣ ተማሪዎች ከሰው 5 ለ4 አሸነፉ፣ ግን አምስቱ ዳኞች በአንድ ምክንያት ስላልተስማሙ ፍርዱ የሚደገፉበት ምርኩዝ ሳይሆን ቀረ። ላኖ ላይ የታየው እሱ ነው።

የወላጅ መብት የሚባለው ግን ከየት እንደመጣ ብታውቁ ትገረማላችሁ፣ እንደኛው በስደተኛ ቋንቋ ነው የጀመረው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ነብራስካ በ1919 ለሕፃን ልጅ በባዕድ ቋንቋ ማስተማር ክልክል ነው የሚል ሕግ አወጣች፣ ያው ጀርመንኛን ጠልተው ነው። ሜየር የሚባል የሉተራን ትምህርት ቤት መምህር አንድ የአሥር ዓመት ልጅ በጀርመንኛ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሲያስነብብ ተያዘ፣ 25 ዶላር ተቀጣ። በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጻ አወጣው፣ ወላጅ ልጁ ምን እንደሚማር የመወሰን መብት አለው ብሎ። በ1972 ደግሞ ልጆቻችንን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አንልክም ብለው አምስት አምስት ዶላር የተቀጡት አሚሾች፣ የድሮ አኗኗር የሚከተሉ ክርስቲያኖች ናቸው፣ አሸነፉ፣ አሊቶ የተደገፈበት ፍርድ እሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ልጆቻችንን ሀ ሁ የምናስቆጥርበት መብት የሜየር ዘመድ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ለኔ ሪፐብሊካን ዴሞክራት እየተባለ ሲወራ የማይጥመኝ።

እናት_ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። @ፓራሊጋል_ነኝ ያልከውን ፋይል ትናንት ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ከባለቤቴ ጋር በስልክ ከፈትነው፣ መጽሐፉ ጋ ለመድረስ ጣቴ እስኪዝል ወደ ታች ጎተትኩ። ለካ መጽሐፉ ላይ ያለችውን ልጅ የሚያስጨንቃት አጎቷ ወንድ ማግባቱ አይደለም፣ አጎቴ ካገባ ከኔ ጋር መጫወት ይተዋል ብላ ነው። የኔዋ ልጅ ታናሽ ወንድሜ ሲያገባ ለአንድ ሳምንት አኩርፋ ነበር፣ አስታወሰኝ። ባለቤቴ ዝም ብሎ አየና «ጥሩ ነው የሣሉት» አለ፣ ትንሽ ቆይቶ «ቢሆንም ፈርሚ» አለ።

ፈርሜያለሁ። ለሦስቱም። ስለ ትዳር መጀመሪያ ከኛ እንድትሰማ ስለፈለግሁ ነው፣ ተክሊል ምን እንደሆነ እንኳን ገና አልነገርናትም፣ የሚቀጥለው ዓመት ግን ምን እንደምወስን ዛሬ አላውቅም። @ረዳት_መምህርት የነገርሽኝን የዛችን ልጅ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት፣ እሱንም አልደብቅሽም። ለመምህሯ ኢሜይሉን ልኬያለሁ፣ ከመቀመጣቸው በፊት እንድትወጣ እሺ ብላለች።

የኔዋ ሴትዮ ደግሞ አሁን የሚያሳስባት ሌላ ነው። ላይብረሪ ከሄድኩ የፈረስ መጽሐፍ ማንበብ እችላለሁ ወይ ብላ ጠይቂልኝ ብላኛለች፣ ይቻላል አይደል?

ረዳት_መምህርት

ይቻላል። ተውሳ ወደ ቤት መውሰድ የምትችለው ግን ሁለት ብቻ ነው በያት፣ እንዳታለቅስብኝ 😄