ክርክር፦ ገበሬ ጡረታ ያስፈልገዋል ወይስ ልጅና እንሰት ይበቃዋል?

የታቦሩ፦ እኛ ሐዋሳ ያለን፣ በየሰፈራችን ስም የምንጠራራ የገጠር ልጆች እንነጋገርበት። የቡና ብር በለቀማ ጊዜ ይገባል፣ ክረምት ሳይወጣ ያልቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እርጅና ነው። ደመወዝተኛ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል፣ በኋላ ይጦራል። ዕድሜ ልኩን ያረሰው አባቴ ግን ከእኔ ሌላ ጧሪ የለውም። ለገበሬም ጡረታ ይገባል እላለሁ።

የአላሙራው፦ አልስማማም። የሲዳማ ገበሬ ባንኩ ጓሮው ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በየዓመቱ የሚተክል ሰው ግን የሚቆርጠው አያጣም። ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቆያል። ልጅ ሆነን ዝናብ ጠፍቶ በቆሎው ሲደርቅ ያከረመን እሱ ነው። በጉልበቱ ጊዜ የተከለ፣ ሲያረጅ ይበላል።

የመናኸሪያዋ፦ ወንድሜ፣ እንሰቱን ማን ይፋቀው? ሴቶች አይደሉ? እናቴ ወገቧን ከታመመች ወዲህ የደረሰ እንሰት ጓሮ ቆሞ ቆጮ ከገበያ እንገዛለን። አጠውልግ በሽታ ከገባ ደግሞ እሱም የለም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም። አለመሸጡን እደግፋለሁ፤ ቢሸጥ ኖሮ በአንድ ክፉ ዓመት ስንቱ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ግን የደከመ ሰው መሬቱን ለሌላ አራሽ የእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው። መሬቱን ለልጆቹ ሲያካፍል ያችም ታንሳለች። እድር ሲሞት ይቀብረዋል። በሕይወት እያለስ ማን ያብላው?

የአላሙራው፦ ልጆቹ።

የመናኸሪያዋ፦ እኔ ልጅ ነኝ። የቤት ኪራይ ከፍዬ የተረፈኝን እልካለሁ። ሥራ ሳጣ አልልክም። እናቴ ግን በየቀኑ መብላት አለባት።

አንድ አባል፦ ሴፍቲኔት የሚባለው የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም አለ እኮ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ። መሥራት ለማይችሉ አዛውንት ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል።

የታቦሩ፦ አለ፤ ግን በተመረጡ ወረዳዎች ለተመረጡ ድሆች ነው። ሌሴቶ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ጡረታ ለሌላቸው የ70 ዓመት አዛውንት ትከፍላለች፣ ገበሬም ይሁን እረኛ። ዛንዚባርም በ2016 እ.ኤ.አ. ጀምራለች።

የአላሙራው፦ ሌሴቶ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። እኛ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን፤ ብሩ ከየት ይምጣ? ደግሞ መንግሥት ከፈለ ሲባል ልጆች መላክ እንዳያቆሙ እፈራለሁ።

የመናኸሪያዋ፦ ብሩን በተመለከተ ልክ ነህ፣ ከ75 ዓመት በላይ ካሉት ይጀመር። መላክ ግን አላቆምም። እናቴ የምትበላውን ካገኘች፣ እኔ የምልከው ለወገቧ መድኃኒት ይሆናል።