የልጅቷ ጉንጭ ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለ፤ ቁንጭር ይሆን?

የጣርማበር አክስት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰሜን ሸዋ፣ ከጣርማበር በኩል ነው የምጽፈው። የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግራ ጉንጯ ላይ ትንኝ የነከሳት የምትመስል ቀይ እብጠት ወጣች። አላመማትም፣ ብዙም አላሳከካትም። ስለዚህ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። ቀስ እያለች ሰፋች። አሁን የብር ሳንቲም ታህላለች። ዙሪያው አበጥ ብሏል፣ መሀሉ ቅርፊት ይዟል። ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ እርጥብ ነው። አጠገቡ ደግሞ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች ብቅ ብለዋል።

የጀመራት ክረምት ሳይገባ ነው። ይኸው ጥምቀትም አለፈ። አንድ ክሊኒክ ጭርት ነው ብለው ቅባት ሰጡን። ሌላ ቦታ ደግሞ የቁስል ኪኒን አዘዙላት። ወይ ፍንክች።

ጎረቤት የሌሊት ወፍ ሸንቶባት ነው ይላል። በጋለ ብረት ትተኮስ የሚሉም አሉ። አንድ አባት ግን አይተው "ይሄ ቁንጭር ነው፣ ድሮም ነበር" አሉን። እናቷ ሥጋ ደዌ እንዳይሆን ብላ እንቅልፍ አጥታለች።

የገረመኝ ነገር አለ። እኛ ገደሉ አፋፍ ላይ ነን። በዚያው አፋፍ ካሉት ቤቶች ሌሎች ልጆችም ፊታቸው ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለባቸው። ደብረ ሲና ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን ልጆች ግን አንዳቸውም የላቸውም። ውሃው ይሆን? ደግሞስ ይተላለፋል? ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኛው። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩን።

ነርስ ከደጋው

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ብረቱን አስቀምጡት። ልጅቷን ማንም እንዳይተኩሳት። ቃጠሎው በሽታውን አያጠፋውም። ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ግን ይተዋል፤ ያውም በፊቷ ላይ።

ሳላያት ይሄ ነው ማለት አልችልም። ግን የነገርሽን ሁሉ ቁንጭርን ያስጠረጥራል። ወራት የቆየ፣ የማያም፣ በቅባትም በኪኒንም ያልተመለሰ፣ ፊት ላይ የወጣ፣ አጠገቡ ትንንሽ እብጠቶች የጨመረ ቁስል፣ ከዚያም ላይ ገደል አጠገብ የሚኖር ልጅ። የሕክምና ስሙ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ነው። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋሲ ነው የሚያመጣው።

ስለ መተላለፉ ለእናቷ ዛሬውኑ ንገሪልኝ። በመነካካት አይተላለፍም። አብሮ በመተኛት፣ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በፎጣም አይተላለፍም። ወንድሟ አብሯት ይተኛ።

ስለ ሥጋ ደዌ ደግሞ፦ የሥጋ ደዌ ምልክት ያለበት ቆዳ ብዙ ጊዜ ይደነዝዛል። ባለሙያ በጥጥ ነካ ነካ አድርጎ ያየዋል። የቁንጭር ቁስል አይደነዝዝም። ሆኖም አንዱ የቁንጭር ዓይነት ከሥጋ ደዌ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ሐኪም እንኳ ያምታታል። ስለዚህ በግምት መድኃኒት አትጀምሩ። ናሙና ይወሰድላት።

የአንኮበር ሳይንስ አስተማሪ

"ከተማው ውስጥ የለም፣ አፋፉ ላይ ግን አለ" ያልሽው ትልቁ ፍንጭ ነው። ውሃው አይደለም። ገደሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፋፉ ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን ሽኮኮ ታውቂዋለሽ። ተህዋሲው ኑሮው በዋናነት ሽኮኮ ላይ ነው። ሽኮኮው ላይ ይቆያል እንጂ እንደኛ ፊቱን አያቆስለውም። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ወይም ሳንድፍላይ የሚሏት ነፍሳት ናት። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ከወባ ትንኝ እጅግ ታንሳለች። ስትበር ድምፅ የላትም። ቆዳ ላይ ስታርፍ ክንፏን እንደ ቪ ፊደል ወደ ላይ ትከፍታለች። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ ናት፤ ከምሽት ጀምሮ ሌሊቱን ነው የምትወጣው። ቀን ዋሻ ውስጥ፣ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ያልተመረገ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ትደበቃለች። እንደ ወባ ትንኝ የቆመ ውሃ አያስፈልጋትም። እርጥበት ያለው፣ ፍግና የበሰበሰ ቅጠል የተቀላቀለበት አፈር ይበቃታል። ርቃም አትበርም። ለዚህ ነው አንድ ሰፈር ተይዞ ወዲያ ማዶ ያለው ነፃ የሚሆነው።

ብዙ ሰው ይሄን በሽታ የቆላ ያደርገዋል። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሚመለስ ሰው ወባ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቁንጭር ግን የደጋና የወይና ደጋ ነው፤ በአብዛኛው ከ1400 ሜትር በላይ። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የምታሻግረዋ ፍሌቦቶመስ ሎንጊፐስ ትባላለች። በደቡብና በምዕራብ ደግሞ እህቷ ፍሌቦቶመስ ፔዲፈር አለች። ተህዋሲው ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ይባላል። ይሄ ስም የወጣለት በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው ግን ከዚያ በፊትም ነበር። አገራችን ውስጥ መኖሩ በጽሑፍ የሰፈረው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው። አዛውንቱ "ድሮም ነበር" ማለታቸው ልክ ነው።

በጋሞ ደጋ ያለችው ኦቾሎ በዚህ በሽታ ጥናት ስሟ የታወቀ መንደር ናት። የተሠራችው ዓለት ላይ ነው። ሽኮኮና ሰው ጎረቤት ናቸው። የኛ አፋፍም ከዚህ አይለይም።

የሌሊት ወፍን በተመለከተ፦ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም። ግን እሷም የምታድረው ዋሻ ውስጥ ነው። ሰዉ ቦታውን አልሳተም፣ እንስሳውን ነው የሳተው።

የመንዝ ልጅ

እኔ ስለ መተኮሱ ልጨምር። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ አፍንጫው አጠገብ ወጥቶበት ተተኩሷል። ቁስሉ ለጊዜው የደረቀ መሰለ። ከዚያ በጠባሳው ዳር ዳር እንደገና ወጣ። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። የአፍንጫው ቀኝ ክንፍ ወደ ላይ ተስቧል፣ ፎቶ ሲነሳ ሁልጊዜ ፊቱን ያዞራል። በሽታው ሌላ፣ ብረቱ ሌላ ጉዳት ነው ያደረሰበት። እባካችሁ በዚች ልጅ አይደገም።

ጋሽ አያሌ

ልጄ፣ እኔም ክንዴ ላይ ወጥቶብኝ ነበር። ምንም ሳላደርግለት ራሱ ዳነ። ሰዎቹን ብዙ አታስጨንቋቸው። ጠበል ይውሰዷት፣ ጊዜውን ጠብቆ ይሄዳል።

ነርስ ከደጋው

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትም አለ። ብዙው በራሱ ይድናል። ግን የኛ አገሩ ዓይነት ሳይታከም ሲቀር ዓመታት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት። ክንድ ላይ ከሆነ በልብስ ይሸፈናል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጉንጯን በምን ትሸፍነዋለች? እሷ ላይ ደግሞ እየጨመረ ነው።

በራሱ የማይድንም አለ። አንዱ ዓይነት ሳይቆስል ፊትና እጅ እግር ላይ ይበተናል። እሱ ካልታከመ አይለቅም። ሌላው አፍንጫና ከንፈር ውስጥ ይገባል። ከጉንጭ ወደ ከንፈር ወይም ወደ አፍንጫ ከተጠጋ ጊዜ አይሰጥም።

ጠበሉን አልቃወምም። ይጠመቁ፣ ይጠጡ። ብቻ ሕክምናው ይጀመር፣ ተጀምሮም አይቋረጥ። ሁለቱ አይጣሉም።

የጣርማበር አክስት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቷ አነበብኩላት፤ "አይተላለፍም" የሚለው ላይ ስደርስ አለቀሰች። ከቤታችን በላይ ያለው ገደል ሽኮኮ በሽኮኮ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ዋሻውን በጭስ እናጥናቸው እያሉ ነው። ይጠቅማል? ሌላው፣ ጎግል ላይ ሌሽማኒያ ብዬ ስፈልግ ካላዛር የሚል መጣብኝ፣ ይገድላል ይላል። ልቤ ተሰቀለ።

የአንኮበር ሳይንስ አስተማሪ

ካላዛሩን ተዪው። እሱ የሆድ ዕቃ በሽታ ነው፣ ጣፊያና ጉበት ነው የሚያሳብጠው። የሚያመጣው ሌላ የሌሽማኒያ ዓይነት ነው። ስሙም የሚነሳው እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ቆላዎች ነው። ሌሽማኒያ ኤትዮፒካ ቆዳና የአፍንጫ የአፍ ሽፋን ላይ ነው የሚቀረው። ቁንጭር አድጎ ካላዛር አይሆንም።

ጭሱ ይቅርባችሁ። ገደሉ ረጅም ነው፤ ዛሬ የሸሸ ሽኮኮ ነገ ይመለሳል። ነፍሳቷም አፈሩና ስንጥቁ ውስጥ አለች። ጎረምሶቹ ጉልበታቸውን ቤታችሁ ላይ ያውሉት። የድንጋዩን ግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ ይምረጉ። ፍጉንና የከብት በረቱን ከመኝታው ራቅ ያድርጉ። ልጆች ሲመሽ ዋሻ አፍ ላይ አይቀመጡ። ሲተኙ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። በተለይ ፊት ላይ የሚበዛው ሌሊት ከብርድ ልብሱ ውጪ የሚቀረው እሱ ስለሆነ ነው።

አጎበር ይረዳል፤ ግን ነፍሳቷ ትንሽ ስለሆነች በተራ አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች። መድኃኒት የተነከረው ይሻላል። ችግሩ አጎበር የሚታደለው ወባ ላለበት ቆላ ነው። እኛ ደገኞቹ ቤት የለም። ይሄን የቀበሌ ስብሰባ ላይ ማንሳት ያለብን ይመስለኛል። በአገር ደረጃ በዓመት ከ20,000 እስከ 50,000 ሰው በቁንጭር እንደሚያዝ ይገመታል። የሚመዘገበው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። የማይመዘገበው እንደ ሰፈራችሁ ልጆች ያለው ነው፤ ገደል ላይ የሚኖር፣ መንገድ የራቀው፣ ጭርት ተብሎ የተመለሰ። ስለዚህ ልጅቷን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ልጆች ነገር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሪያት። በአንድ አፋፍ ላይ ብዙ ልጅ ሲያዝ ወረዳው ማወቅ አለበት።

የላብራቶሪ ሰው

ስለ ናሙናው ልንገርሽ፣ ልጅቷ እንዳትፈራ። የቁስሉን ጠርዝ ያጸዱታል። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ደሙን ያሸሹታል። በምላጭ ጫፍ ትንሽ ጫር አድርገው ፈሳሹን መስታወት ላይ ይቀባሉ። ከዚያ ጊምዛ በሚባል ቀለም ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ለአፍታ ይቆጠቁጣል፣ ያልቃል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ውጤቱ "አልተገኘም" ቢል የለም ማለት አይደለም። ቁስሉ ሲቆይ ተህዋሲው ይሳሳል፤ ሌላ ጀርም ከገባበትም ለማግኘት ያስቸግራል። ምልክቱ ካለ ድገሙልኝ በሉ። ናሙና የሚወሰድ ዕለት ጠዋት ቅባትም ቅጠልም አትቀቡት።

መምህርት ከሠላድንጋይ

ትምህርት ቤቱን አትርሱ። የኔ ክፍል አንዲት ተማሪ ነበረች። ልጆቹ አጠገቧ አንቀመጥም ብለው ብቻዋን የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምትውለው። እኔ ራሴ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ደብተሯን ተዋስኩ፣ እንደማይተላለፍ ለክፍሉ ነገርኩ። ወላጆችም ስብሰባ ላይ እንዲሰሙ አደረግሁ። የልጅቷን መምህር ቀድመሽ አነጋግሪ። ይሄ ነገር ልጅ ከትምህርት ያስቀራል፣ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ሰዉ ገና በዚህ ዕድሜዋ ስለ ትዳሯ ማውራት ይጀምራል።

የጣርማበር አክስት (ጠያቂ)

ጤና ጣቢያ ወስደናት ነበር። ሐኪሙ አይቶ ቁንጭር ይመስላል ብሎ ሪፈር ጻፈልን። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ሂዱ አለ። እናቷ ዘነበወርቅ ሲባል "ይኸው ሥጋ ደዌ ነው" ብላ እንደገና ደነገጠች። መርፌውስ ልጅ ይችለዋል? ምን ይዘን እንሂድ?

ነርስ ከደጋው

ሰው ሁሉ ዘነበወርቅ ሲባል እንዲህ ይደነግጣል፣ አትፍረጂባት። አለርት ለሥጋ ደዌ የተቋቋመ ቢሆንም ዛሬ የቆዳ በሽታ ሁሉ የሚታከምበት ነው። ቁንጭርን ያውቁታል። ወደ ሰሜን የሚቀርበው ደግሞ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ እዚያም ይታከማል። ከደብረ ሲና ሁለቱም ሩቅ ናቸው። ዘመድ ያላችሁበትን ምረጡ፤ ሕክምናው ሊያቆያችሁ ይችላል። መቀየር ከፈለጋችሁ ግን ሪፈሩ ይስተካከል።

ሕክምናው እንደ ቁስሉ ይለያያል። ቁስሉ ትንሽና ጥቂት ከሆነ እዚያው ቁስሉ ውስጥ በየሳምንቱ ገደማ መርፌ ይወጋል፣ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዘቅዙታል። ከበዛ ወይም ከንፈር አፍንጫ ከነካ በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ አለ፤ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል፤ 28 ቀን ወይም 30 ቀን ነው። ለልጅ በኪሎዋ ተሰልቶ ይሰጣል። መርፌው ያማል፣ አልዋሽሽም። ልብን፣ ጉበትንና ቆሽትን ስለሚነካ በየመሀሉ ደም ይመረመራል፣ የልብ ምርመራም ይታያል። ሆዴን አመመኝ ወይም ልቤ ይመታል ካለች ወዲያው ንገሩ። የሚዋጥ ሚልቴፎሲን የሚባል ካፕሱልም አለ። እሱን እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስድም፤ ከሰፈሩ የተያዘች እናት ካለች ይሄን ንገሪያት። የኤችአይቪ ምርመራም ይጠይቋችሁ ይሆናል። ተጠርጥራ አይደለም፤ ሁለቱ ሲደረቡ ሕክምናው ስለሚለይ ነው።

የመጨረሻው መርፌ ቀን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ይችላል። አልሠራም ብላችሁ ወደ ብረት እንዳትመለሱ። ካለቀ በኋላም ለወራት እየተሻለ ይሄዳል። የቀጠሮውን ቀን አትዝለሉ፣ ምክንያቱም ያገረሽ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የምትይዙት፦ ሪፈሩን፣ የጤና መድህን መታወቂያውን፣ እስካሁን የወሰደችውን ቅባትና ኪኒን ከነካርቶኑ። ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ መድህኑ ላይሸፍናችሁ ይችላል። ዛሬ ደግሞ በስልክሽ ቁስሉን ፎቶ አንሺው፣ አጠገቡ ሳንቲም አስቀምጠሽ። በየሳምንቱ በዚያው ሳንቲም ድገሚው። ሐኪሙ መዳኑን በዓይኑ ያየዋል።

የጣርማበር አክስት (ጠያቂ)

ፎቶውን አንስቻለሁ። አለርት ነው የምንሄደው፣ አጎቷ ጦር ኃይሎች ነው ያለው። የጎረቤቶቹንም ሁለት ልጆች ይዘን ነው የምንወርደው። እናቶቻቸው ይሄን ሲሰሙ እነሱም ሪፈር አጽፈዋል። ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የአፋፉን ቤቶች በሙሉ ልትዞር ነው።