ለጀማሪ ሞተረኛ 100 ሲሲ ወይስ 180? የሐዋሳው ልጅ ጥያቄ ያስነሳው ክርክር

የሐዋሳው ጀማሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መንጃ ፈቃድ ገና አሁን ነው ያወጣሁት። ከማሰልጠኛው ግቢ ውጪ ብዙም አልነዳሁም። ሥራዬ ከሐዋሳ ለኩ ከተማ የሚያመላልስ ነው፣ አንዳንዴም ከለኩ አልፎ ወደ ቀበሌዎቹ ያስገባኛል። እዚያ አስፋልት የለም፣ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ ጎማ ይይዛል። የቀረቡልኝ ሁለት ሞተሮች ናቸው፣ ስማቸው ላይ ያለው ቁጥር ሲሲው፣ ማለትም የሞተሩ መጠን ነው። ጓደኛዬ «አፓቼ 180 ግዛ፣ ትንሹ ቶሎ ይሰለችሃል» ይለኛል። አጎቴ ደግሞ «ከቦክሰር 100 ውጪ ከገዛህ ቤቴ እንዳትመጣ» ብሏል። ቁመቴ አጠር ያለ ነው። ያለኝ ብር ለአንድ ሞተር ይበቃል፣ ገዝቼ ሸጬ እንደገና ለመግዛት ግን አይበቃም። የቱ ይሻለኛል? እባካችሁ «እንደ ምርጫህ» አትበሉኝ።

አፓቼው፦ ጓደኛህ ልክ ነው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ ከተማ ውስጥ 100 ሲሲም ይሄዳል፣ አልክድም። የዲላን መንገድ ስትይዝ ግን ከፊትህ ሲኖትራክ ጭሱን እየለቀቀ ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ከኋላህ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይመጣል። ወይ ትቀድማለህ ወይ ጭስ እየዋጥክ ትከተላለህ። በትንሽ ሞተር መቅደም ስትጀምር ግማሽ ላይ ጉልበት ያልቅብሃል፣ ያኔ ከፊት ሚኒባስ ብቅ ይላል። አደጋ ማለት እሱ ነው። ደግሞ ስትለምድ ልትሸጠው ነው፣ በኪሳራ።

ቦክሰር ይበቃል፦ ሲኖትራክ መቅደም ያልቻለ አይቀድማ! ጀማሪን ቅደም ያለው ማነው? አፓቼ 180 ወደ 17 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ክብደቱ ከ130 ኪሎ በላይ ነው። ቦክሰር 100 ደግሞ 8 ገደማ ነው፣ ክብደቱም ቀለል ይላል። ጉልበቱ እጥፍ ሆኖ ክብደቱ እጥፍ አይደለም፣ ስለዚህ ነዳጅ ስትሰጠው ይስፈነጠራል። ለአንተ ደስታ ነው፣ ትናንት ፈቃድ ላወጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው።

አፓቼው፦ ነዳጅ የሚሰጠው እኮ ሞተሩ አይደለም፣ እጅህ ነው። ቀስ ብለህ ከነዳኸው 180ም በግ ነው።

ቦክሰር ይበቃል፦ እጁ ገና አልተማረም እኮ ነው የምንልህ። ጀማሪ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ አይተህ ታውቃለህ? ያገኘውን ጨምቆ ይይዛል። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሳያይ ይገባበታል፣ ሞተሩ ይዘላል፣ ሰውነቱ ወደ ኋላ ሲቀር የቀኝ አንጓው ወደ ታች ይወርዳል፣ ያ ማለት ነዳጁን የባሰ ከፈተው ማለት ነው። ሞተሩ ይብስ ይስፈነጠራል፣ እሱ ይብስ ይጨምቃል። 8 ጉልበት ላይ ይህ ሲሆን ትደነግጥና ትስቃለህ። 17 ላይ ከሱቅ በር ጋር ትገናኛለህ። እስቲ በእውነት ንገረኝ፣ ታናሽ ወንድምህ ነገ መንዳት ቢጀምር ያንተን አፓቼ ትሰጠዋለህ?

አፓቼው፦ ወንድሜ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ቀልበ ቢስ ነው።

ቦክሰር ይበቃል፦ 😂 ሌላው ጀማሪ ሁሉ ቀልበኛ ነው ማለት ነዋ!

ሽቱትጋርት ያለሁት፦ እኔ እዚህ ጀርመን ነው ፈቃድ ያወጣሁት፣ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። እዚህ ይሄ ነገር ለጓደኛና ለአጎት አይተውም። የመጀመሪያው ደረጃ ከ16 ዓመት ጀምሮ 125 ሲሲና 15 የፈረስ ጉልበት ነው፣ ከዚያ በላይ አይቻልም። 18 ሲሞላህ እስከ 48 ጉልበት ይፈቀዳል። ገደብ የሌለውን የምታገኘው መካከለኛውን ሁለት ዓመት ይዘህ ሌላ ፈተና ስታልፍ ነው፣ ያለበለዚያ 24 ዓመት እስኪሞላህ ትጠብቃለህ። እኛ አገር ግን ትናንት ፈቃድ ያወጣ ልጅ ዛሬ 100 ላይም 200 ላይም መውጣት ይችላል። በደረጃ ቢከፈል ምን አለበት?

አፓቼው፦ ቆይ ቆይ! አንተው ባመጣኸው ሕግ እንነጋገር። ከ18 በላይ ለሆነ ጀማሪ እስከ 48 ይፈቀዳል አልክ። አፓቼ 180 ደግሞ 17 ነው። ጀርመን እንኳን የፈቀደውን እናንተ ከለከላችሁት!

ሽቱትጋርት ያለሁት፦ ሒሳብህ ልክ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የቆጠርከው። እዚህ ከመደበኛው ልምምድ ሌላ የግዴታ 12 ትምህርት አለ፦ 5 ከከተማ ውጪ፣ 4 አውቶባን ላይ፣ 3 በጨለማ። አስተማሪው በመኪና ከኋላህ እየተከተለ በሬዲዮ በጆሮህ ያወራሃል። መንገዱ ላይ ደግሞ አህያ የለም፣ መብራት ያልበራለት ጋሪም የለም። ከግቢ ወጥቶ በቀጥታ ዲላ መንገድ ላይ ለሚወጣ ልጅ ይሄን ቁጥር ብቻውን አትስጠው።

በሞተር እንጀራ የሚበላ፦ እናንተ ሕግ ሕግ ትላላችሁ፣ እኔ ወላይታ ሶዶ ሰው በሞተር ሳመላልስ ነው የምውለው። በሲሲ ይከፈል የሚል ሕግ ቢመጣ ማን ይለካዋል? መንገድ ላይ የሚጨመርብን «ና እስቲ ወርደህ አናግረኝ» ብቻ ነው። ለጫነ ሰው ደግሞ 100 ሲሲ አይሆንም። ሰው ከነማዳበሪያው ጭነህ ዳገት ስትወጣ በአንደኛ ማርሽ ታለቅሳለህ። ቦክሰር 150 ይግዛ፣ ነገሩ አለቀ።

ቦክሰር ይበቃል፦ እሱ ሰው ሊጭን አይደለም፣ ሥራ ሊሄድ ነው። ጀማሪ ደግሞ ጭራሽ ሰው መጫን የለበትም፣ እጁ እስኪፈታ ድረስ ብቻውን ይንዳ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ኩርባ ላይ ባልሆነ ጎን ሲያጋድል የሚመጣውን ጣጣ አንተ ታውቀዋለህ።

በሞተር እንጀራ የሚበላ፦ እሱን አውቃለሁ 😄 በተለይ ዶሮ የያዘ ሰው።

ነርሷ፦ ወንዶቹ ሁሉ ጉልበት ጉልበት ትላላችሁ፣ ልጁ ግን አጭር ነኝ ብሏችኋል፣ ማንም አልመለሰለትም። እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፣ የተሰጠን ሞተር ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ለጭቃ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ረጅም ነው። እኔ የማርፈው በአንድ እግር ጣት ነው። ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ጎን ለጎን ባዘነበለ መንገድ ላይ ስትቆም ነው፤ እግርህን ወደ ዝቅተኛው በኩል ታወርዳለህ፣ መሬቱ ግን ካሰብከው ስንዝር ዝቅ ብሎ ይጠብቅሃል። ከዚያ ሞተሩ መጋደል ይጀምራል። አንዴ ካጋደለ በክንድ አይመለስም፣ ትለቀዋለህ እንጂ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሲሲውን ከመጠየቅህ በፊት ውጣበትና ሁለቱን እግርህን አውርድ። ቢያንስ የሁለቱም እግር ፊተኛው ግማሽ መሬት ይርገጥ። ጣት ብቻ ከነካ፣ የትኛውም ብራንድ ይሁን፣ ለአንተ አይደለም።

ሌላው፣ ሄልሜቱን ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብረህ አስበው እንጂ «በሚተርፈው እገዛለሁ» አትበል፤ ምንም አይተርፍም። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ግን አገጭ ሥር ለታሰረ ሄልሜት ነው። ትራፊክ ሲታይ ከክንድ ወደ ራስ የሚወጣውን አይጨምርም። ነጠላ ጫማ አድርጎ መንዳትም ይቅር፣ የተላጠ ቁርጭምጭሚት ማጠብ ሰልችቶኛል።

አዲስ አበቤው፦ ሁላችሁም በ2018 ቁጭ ብላችሁ ስለ ቤንዚን ትከራከራላችሁ 🙂 ኤሌክትሪክ ይግዛ። ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ የለው፣ ጀማሪ ግማሽ ጭንቀቱ ቀረለት ማለት ነው። ማደያ መሰለፍ የለም። ከፍታም አይጎዳውም። ቤንዚን ሞተር አየር ሲሳሳ ጉልበት ያጣል፣ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ላይ ከወረቀቱ ጉልበት ሩቡን ልታጣ ምንም አይቀርህም፣ ሐዋሳም 1,700 ገደማ ናት። ያ 8 የፈረስ ጉልበት የምትሉት እናንተ ጋ 7 እንኳን አይሞላም። ደግሞ መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ ነገ ሞተር ላይ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

አፓቼው፦ ይኸው! ከፍታው ጉልበት ከቀነሰ ከ17 የተረፈው ይሻላል ወይስ ከ8 የተረፈው?

ቦክሰር ይበቃል፦ ለኩ መብራት ሲጠፋ ቻርጁን ከየት ያመጣዋል? ከቀበሌው መልስ ባትሪው ቢያልቅስ? ቤንዚን በሃይላንድ ይመጣልሃል፣ መብራት በሃይላንድ አይመጣም።

አዲስ አበቤው፦ ማታ ቤትህ ሰክተህ ታድራለህ። በቀን የምትሄደውን ኪሎ ሜትር ደምረህ ባትሪው ከሚችለው ግማሽ በታች ከሆነ ያዋጣሃል። ካለፈ እኔም አልመክርህም፣ ጭቃና ዳገት ባትሪ ይበላል። ብቻ የምትገዛው ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ከተማህ የሚፈቅደውን ጠይቅ። እዚህ በ2011 ክረምት መግቢያ ላይ ከተማው ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ሲከለክል አዲስ ሞተሩን በላስቲክ ሸፍኖ ግቢ ያቆመ ስንት ሰው ነበር።

ጋሽ መካኒክ፦ ልጆች፣ ሳነብ ነው የቆየሁት። ሁላችሁም ስለ አዲስ ሞተር ታወራላችሁ፣ ልጁ ግን ባለው ብር የሚያገኘው ያገለገለ ይመስለኛል። ያገለገለ ሞተር ላይ ሲሲ ሁለተኛ ነው፤ በደንብ የተያዘ 150፣ ከተጨፈጨፈ 100 ይሻላል። እኔ ጋ ለሚመጣ ጀማሪ የምለውን ልንገርህ።

ለኩ ሂድና ጎሚስታው በር ላይ ትንሽ ቁም። የትኛው ሞተር ነው በብዛት የሚያልፈው? እሱን ግዛ። የፍሬን ሸራው፣ የፍሪሲዮን ገመዱ፣ ካቴናው፣ ካንዴላው እዚያው ሱቅ ይገኛል ማለት ነው። ቆንጆ ሞተር ገዝቶ ለአንዲት ገመድ ሐዋሳ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚያፈላልግ ሰው ስንቱን አውቃለሁ። ሞተሩ ቆሞ እሱ በባጃጅ ይመላለሳል።

ልታየው ስትሄድ ለሻጩ «ሳታስነሳ ጠብቀኝ» በለው። ሄደህ ሞተሩን በእጅህ ንካው፣ ከሞቀ ሰውየው ደብቆሃል፤ ጠዋት አልነሳ የሚል ሞተር ቀን በሙቀት ይነሳል። ቀዝቃዛውን አስነሳና ማርሚታውን እይ። ሰማያዊ ጭስ ካልቆመ ዘይት እየበላ ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይ ሌላ ጣጣ አለ። ይህ ለቦክሰርና ለአፓቼ ነው። ነርሷ ያልሽው ዲቲ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ስለሚያቃጥል መጨሱ ተፈጥሮው ነው። ከዚያ የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተህ መሪውን ቀስ ብለህ ግራና ቀኝ አዙር። መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝህ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ቸርኬውን አሽከርክርና ከጎን ተመልከት፣ ከተወላገደ ጉድጓድ በልቶታል ወይም ተጋጭቷል።

ወረቀቱ ደግሞ ከሞተሩ ይበልጣል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በራስህ ዓይን ከሊብሬው ጋር አመሳክር፣ ደላላው እንዲያነብልህ አትፍቀድ። ዋጋው በጣም ካማረህ፣ በሞያሌ በኩል ያለ ቀረጥ የገባ መሆኑን ጠርጥር።

እና ፍሬን! አፓቼው ልጄ፣ ስለ መቅደም ብቻ ነው ያወራኸው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የምትፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ነው። ከሚያቆምህ ኃይል አብዛኛው ደግሞ ከፊት ፍሬን ነው። ሰዉ ግን ፊቱን ከያዝኩ እገለበጣለሁ እያለ የኋላውን ብቻ ረግጦ ይንሸራተታል። ያንተ ሞተር ፊት ላይ ዲስክ አለው፣ በዚህ ከከበሮው ቦክሰር ይሻላል፣ እውነት እውነት ነው። ግን ዲስክን ደረቅ አስፋልት ላይ እንደለመዱት ጭቃ ላይ ጥርቅም ካደረጉት ፊቱ ይከዳል። ልጁ የሚሄደው ጭቃ ነው።

አፓቼው፦ ጋሼ፣ እርስዎም ከነሱ ወገን ነዎት ማለት ነው?

ጋሽ መካኒክ፦ እኔ ከወገን አይደለሁም፣ የሁላችሁንም እጠግናለሁ። አፓቼ መጥፎ ሞተር አይደለም። ለኩ ላይ ግን መለዋወጫው እንደ ቦክሰር አይገኝም፣ ልጁ አጭር ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እጁም አልተፈታም። አራቱም ወደ አንድ በኩል ነው የሚያመለክቱት።

ሽቱትጋርት ያለሁት፦ እኔ አሁንም ሕግ ይውጣ ባይ ነኝ። ሁሉ ሰው ጋሽ መካኒክን አያገኝም።

በሞተር እንጀራ የሚበላ፦ ሕጉ ሲወጣ አስተማሪውም አብሮ ይውጣ እንግዲህ። ዲላ መንገድ ላይ ከኋላዬ እየተከተለ በጆሮዬ የሚያወራኝ ከመጣ እኔም ተመልሼ እማራለሁ።

የሐዋሳው ጀማሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ቦክሰር 100 ለሽያጭ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ አንዱ እዚሁ ሰፈር፣ አንዱ ለኩ። ከሄልሜቱ ሒሳብ ጀምሬ ስቀንስ የለኩው ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ቅዳሜ በጠዋት ቀዝቃዛውን አያለሁ፣ የሞተሩን ድምፅ በቪዲዮ ቀርጬ እዚህ እለቃለሁ። አፓቼው፣ ይቅርታ ወንድሜ።

አፓቼው፦ ምንም አይደል። የለኩውን ከገዛህ፣ የሰፈርህን ቦክሰር ስልክ በውስጥ ላክልኝ። ለታናሽ ወንድሜ ነው።