ጥብቅ የጠመንጃ ሕግ የጅምላ ተኩስን ያስቆማል? የትኛው ሕግ፣ የቱን ጥቃት?

አዲስ ነዋሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አሜሪካን የሚመለከት ነው። የጅምላ ተኩስ በደረሰ ቁጥር አንዱ «ሕጉ ይጥበቅ» ይላል፣ ሌላው «ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም» ይላል፤ ሁለቱም ዝርዝር ውስጥ ሳይገቡ ነገሩ ይረሳል። ልጆች የሚያልቁበት ጉዳይ ስለሆነ በደንብ ልረዳው እፈልጋለሁ። ሕግ ሲባል የትኛው ሕግ ነው? እስካሁን ከደረሱት ጥቃቶች የትኛውን ያስቆም ነበር? ሌሎች አገሮች ያደረጉትስ ሠርቶላቸዋል? ደግሞ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምንኖረው፦ መሣሪያ ያለው ዘመድ «እጨርሳቸዋለሁ» ማለት ቢጀምር ቤተሰብ በሕግ ምን ማድረግ ይችላል? ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብትመልሱልኝ።

ዳኘው፦

መሣሪያው አጥቂው እጅ እንዴት ገባ ከሚለው እንነሣ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋም ድጋፍ የተሠራ ጥናት ከ1966 እስከ 2019 አደባባይ ላይ የጅምላ ግድያ የፈጸሙትን መርምሮ፣ 77 በመቶው ቢያንስ ከፊሉን መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ እንደገዙ አግኝቷል። ስለዚህ «ወንጀለኛ ሕግ አያከብርም» የሚለው አባባል አብዛኞቹን አይመለከትም። ሲገዙ ሕጉ ይፈቅድላቸው ነበር።

ሱቅ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ገዢው 4473 የሚባለውን ፎርም ይሞላል፤ ነጋዴው ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ ለሚሠራው የኤፍ ቢ አይ የባክግራውንድ ቼክ (የገዢውን መዝገብ የማጣራት) ማዕከል ይደውላል ወይም በኮምፒውተር ይልካል። (አንዳንድ ክፍለ ግዛት ማጣራቱን በራሱ ፖሊስ ነው የሚሠራው።) የሚመጣው መልስ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሽጥ፣ ቆይ፣ አትሽጥ። ችግሩ «ቆይ» ላይ ነው። በፌዴራል ሕግ ሦስት የሥራ ቀን አልፎ ቁርጥ ያለ መልስ ካልመጣ ነጋዴው መሸጥ ይችላል። የ2015ቱ የቻርልስተን ገዳይ ሽጉጡን ያገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር የተያያዘው የእስር መዝገቡ ኮሎምቢያ ከተማ ፖሊስ ዘንድ ነበር፤ አጣሪዋ ግን የጠየቀችው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሦስቱ ቀን አለፈ፣ ሽጉጡ ተሸጠ፣ ሰኔ 17 አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የተቀመጡ 9 ምእመናን ተገደሉ። ሕጉ ነበረ፤ ያጠፋው የሦስት ቀኑ ገደብ ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ መዝገብ አለመላክ ነው። በ2007 ቨርጂኒያ ቴክ 32 ሰው የገደለውን ተማሪ ፍርድ ቤት ቀድሞ ለራሱ አደገኛ ነው ብሎ ተመላላሽ ሕክምና አዞለት ነበር፤ መዝገቡ ግን ወደ ፌዴራሉ ማዕከል አልሄደም። የ2017ቱን የሰዘርላንድ ስፕሪንግስ ገዳይ፣ ሚስቱንና የእንጀራ ልጁን በመደብደብ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ፈርዶበት ነበር፤ አየር ኃይሉ ፍርዱን ሳያስተላልፍ ቀረ። እዚያ 26 ነፍስ ጠፋ። ከሁለቱም በኋላ ኮንግረስ መዝገብ ማስተላለፍን የሚያጠናክር ሕግ አወጣ፣ በ2008 እና በ2018።

ሦስተኛው ከግለሰብ መግዛት ነው። የፌዴራል ሕግ ማጣራት የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ብቻ ነው። በ2019 ቴክሳስ ውስጥ ሚድላንድና ኦዴሳ ላይ 7 ሰው የገደለው በ2014 ሱቅ ሊገዛ ሄዶ ተከልክሎ ነበር። በኋላ ከግለሰብ ገዛ፣ ማንም አልጠየቀውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ጥናት ባክግራውንድ ቼክ ብቻውን የጅምላ ግድያን ከመቀነስ ጋር ተያይዞ አላገኘውም። ተያይዘው ከተገኙት አንዱ የመግዣ ፈቃድ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት አሻራ ትሰጣለህ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠና ትወስዳለህ፣ ፈቃዱን ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ለመሣሪያው ራሱ ሰባት ቀን ትቆያለህ። በንዴት ተነሥቶ በዚያው ቀን ይዞ መውጣት የለም፣ መዝገቡንም የሚያየው ሰው ጊዜ አለው።

ዘመነ፦

ዳኘው ስለ ገዢው ጽፏል፤ እኔ ጥይት ስለሚጎርስበት ስለ መሣሪያው ካዝና ልጻፍ። የሟቹን ቁጥር የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ስለሆነ ነው።

ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል፣ ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ተኩሱ የሚቋረጠው ካዝናው ባዶ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ተኳሹ ባዶውን አውጥቶ ሙሉውን መክተት አለበት። ለለመደ ሰው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ሰው የሚሮጠውም፣ አጥቂውን የሚያንቁትም በዚያች ሴኮንድ ነው። ቱሳን ላይ በ2011 የሆነውን እዩ፦ ሽጉጡ 33 ጥይት የሚይዝ ረጅም ካዝና ነበረው። ያ አልቆ ሌላ ሊከት ሲል አንዲት ሴት ካዝናውን ያዘችበት፣ ሌሎች መሬት ላይ ጣሉት። 6 ሰው ሞቷል። ካዝናው 10 ብቻ ቢይዝ ያቺ ዕድል 23 ጥይት ቀደም ብላ ትመጣ ነበር። ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ላይ 30 የሚይዙ ካዝናዎች ስለነበሩት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከጠመንጃው 154 ጥይት ተተኩሷል፤ የሞቱት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ናቸው። ይህን ቁጥር የካዝና ገደብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሁሉ መንገር ያስፈልጋል።

ከ1990 እስከ 2017 ስድስትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተባቸውን ጥቃቶች ያየ ጥናት፣ ትልቅ ካዝና የነበረባቸው በአማካይ 62 በመቶ የበለጠ ሰው እንደገደሉ አሳይቷል። እውነት ለመናገር ብዙ ለመግደል የቆረጠ ሰው ትልቁን ካዝና ራሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በሙሉ የካዝናው ነው አልልም። ግን አቅጣጫው ግልጽ ነው።

ከ1994 እስከ 2004 በአንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችና በትልልቅ ካዝናዎች ላይ የነበረው የፌዴራል እገዳ ለምን የታሰበውን ያህል አልሠራም? ሁለት ጉድለት ነበረው። አንደኛ፣ ቀድሞ የተሠራውን ጠመንጃም ካዝናም አልነካም፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ አሮጌ ካዝናዎች ዐሥሩን ዓመት ሙሉ በሕግ ይሸጡ ነበር። ሁለተኛ፣ ጠመንጃውን የሚለየው በውጭ ምልክቶች ነበር፦ የሳንጃ መሰኪያ፣ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የአፈሙዝ እሳት መከለያ። አምራቾች እነዚህን አንስተው ያንኑ ጠመንጃ መሸጥ ቀጠሉ። መልኩን ትቶ የጥይቱን ብዛት የሚቆጥር ሕግ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ላስ ቬጋስ ላይ በ2017 በዐሥር ደቂቃ ገደማ ከአንድ ሺህ በላይ ጥይት የተተኮሰው «ባምፕ ስቶክ» በሚባለው ሰደፍ ነው። ጠመንጃው በተኮሰ ቁጥር ወደ ኋላ ሲረግጥ ሰደፉ ውስጥ ይንሸራተታል፣ የግራ እጅ ወደ ፊት ሲገፋው ቃታው ከቆመው ጣት ጋር ይጋጫል፤ እንደ መትረየስ ያርከፈክፋል። 60 ሰው ገደለ። መንግሥት ዕቃውን ያገደው በመሥሪያ ቤት ደንብ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2024፣ 6 ለ 3፣ ደንቡን ሻረው፤ ቃታው ለእያንዳንዱ ጥይት ለየብቻው ስለሚንቀሳቀስ በሕጉ ትርጉም መትረየስ አይደለም አለ። በፌዴራል ደረጃ ያን ዕቃ ለማገድ ኮንግረስ ራሱ ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ ደንብና ሕግ አንድ አይደሉም።

ከክራይስትቸርች፦

ስለ ሌሎች አገሮች ባጭሩ። ኒውዚላንድ ላይ በመጋቢት 2019 ሁለት መስጊዶች ላይ 51 ሰው የገደለው ሰው ተራውን «ኤ» ፈቃድ ይዞ ነበር። በዚያ ፈቃድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚገዛው 7 ጥይት ከሚይዝ ካዝና ጋር ነው፤ ትልቁ ካዝና ግን ለብቻው ያለ ፈቃድ ይሸጥ ነበር። ሁለቱን ገዝቶ መግጠም ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ያንኑ አደረገ። ፓርላማው አንድ ወር ሳይሞላ 119 ለ 1 አብዛኛውን ከፊል አውቶማቲክ አገደ፤ ከዚያ 56 ሺህ ገደማ መሣሪያ ከሕዝብ ተገዝቶ ተሰበሰበ። የሁሉም መሣሪያ ምዝገባ የተጀመረው ግን በ2023 ነው። ይህ መዘግየት ከባድ ስሕተት ነው፤ ስንት መሣሪያ እንዳለ ሳታውቅ ስንት እንደቀረህ አታውቅም።

ብሪታንያ ከደንብሌን ትምህርት ቤት ጥቃት በኋላ በ1997 ሽጉጥን በሙሉ ማለት ይቻላል አገደች። ያም ሆኖ በ2021 ፕሊመዝ ላይ 5 ሰው የተገደለው ፖሊስ ወስዶበት ከጥቂት ሳምንታት በፊት በመለሰለት ፈቃድ ያለው ጠመንጃ ነው። አውስትራሊያም በ1996 ከፖርት አርተር እልቂት በኋላ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ሰብስባ ለብዙ ዓመት ያን የመሰለ እልቂት ሳታይ ኖራለች፤ በታኅሣሥ 2025 ግን ቦንዳይ ላይ 15 ሰው ተገደለ፣ ከአጥቂዎቹም አንዱ ፈቃድ ያለው ነበር። ጥብቅ ሕግ ጥቃቱን በጣም ብርቅ ያደርገዋል፤ ፈቃድ የያዘውን ሰው በየጊዜው መልሶ ካላየ ግን በዚያ በኩል ይበሳል።

እህተ ማርያም፦

የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ቤተሰቦች ሲቸገሩበት የምናየው እሱ ነው። ሰውየው መሣሪያ ይዞ እየዛተ ከሆነ ሌላ ነገር የለም፣ 911 ነው። ከዚህ በታች ያለው ገና ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ሬድ ፍላግ የሚባለው የፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያውን ለጊዜው ያስወስዳል፣ አዲስም እንዳይገዛ ያግዳል። የፍትሐ ብሔር ጉዳይ እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም፤ ትእዛዙን መጣስ ግን ወንጀል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ባል ወይም ሚስት፣ ዘመድ፣ አብሮ የሚኖር፣ የፍቅር ጓደኛ፣ ሐኪም ወይም ፖሊስ ዲስትሪክት ኮርት ሄዶ ያመለክታል፤ ክፍያ የለውም፣ አስተርጓሚም በነጻ ይሰጣል። ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር ዘንድ ይኬዳል። ኮሚሽነሩ የሚሰጠው ዳኛ ፊት እስኪቀርብ የሚያቆየውን ነው፤ ዳኛው ጊዜያዊውን ይሰጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ወገን ቀርቦ ሲሰማ የመጨረሻው እስከ አንድ ዓመት ይጸናል።

ማመልከቻው ውድቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በአጻጻፉ ነው። «ያስፈራኛል፣ ጠባዩ ተለውጧል» ለዳኛ አይበቃም። ቃሉን እንዳለ ጻፉ፦ ምን አለ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ሰማ። በአማርኛ ብሎት ከሆነ አማርኛውን ከነትርጉሙ አስቀምጡ፤ «እገድልሃለሁ» በአማርኛ ለዋዛም ስለሚባል ዳኛው ዛቻ መሆኑን የሚረዳበትን ሁኔታ ጨምሩ። የስልክ መልእክቱን ቀኑና ቁጥሩ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። የመሣሪያውን ዓይነት፣ ብዛት፣ የት እንደሚያስቀምጠው (ቁም ሳጥን፣ መኪና፣ የሥራ ቦታ) ጻፉ፤ ፖሊስ ያልተነገረውን ቦታ አይደርስበትም። የምትሉት በመሐላ ስለሆነ ያልሰማችሁትን አትጨምሩ።

ቨርጂኒያ ይለያል። ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ሕጉ አለ፣ ግን ቤተሰብ በቀጥታ ማመልከት አይችልም፤ የሚችሉት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ብቻ ናቸው። ለፖሊስ ስትደውሉ ያንኑ ማስረጃ ሰጥታችሁ በግልጽ «ሰብስታንሻል ሪስክ ኦርደር እንዲጠየቅ እፈልጋለሁ» በሉ፤ የቨርጂኒያው ሬድ ፍላግ ትእዛዝ ስሙ ይህ ነው። የመጀመሪያው ትእዛዝ 14 ቀን ነው፣ ሰርኪት ኮርት እስከ 180 ቀን ያራዝመዋል።

የትእዛዙን ስም ለይቶ መጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ የካሊፎርኒያዋ አይላ ቪስታ ታሳያለች። በ2014 ቤተሰቡ ስለ ልጁ አመልክቶ ሸሪፎች በሩ ድረስ ሄደዋል፤ አነጋግረውት ተመለሱ፣ መሣሪያ መግዛቱን አላጣሩም። ከሦስት ሳምንት በኋላ 6 ሰው ገደለ። ካሊፎርኒያ ሕጉን ያወጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ባፋሎ ላይ በ2022 ደግሞ ሕጉ ነበረ፣ ወጣቱም ስለ ግድያ ጽፎ ወደ ሐኪም ተወስዶ ነበር፤ ትእዛዙን ግን የጠየቀ አልነበረም። በሱቅ ጠመንጃ ገዝቶ 10 ሰው ገደለ።

ዳኘው፦

እህቴ ያለችው ላይ ስለ ወጣቶች ልጨምር። በፌዴራል ሕግ ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት ያስፈልጋል፣ ረጅም ጠመንጃ ግን በ18 ይሸጣል። ዩቫልዴ ትምህርት ቤት ላይ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን የገደለው 18 እንደሞላ ነው የገዛው። ከዚያ ጥቃት በኋላ በሰኔ 2022 የወጣው ሕግ ከ21 በታች ላሉት ማጣሪያውን እስከ 10 የሥራ ቀን አራዘመ፤ መዝገብ የሌለውን ልጅ ግን ይህ አያቆመውም፣ የሚያቆመው የዕድሜ ገደቡ ነው። ፍሎሪዳ ከፓርክላንድ ትምህርት ቤት ጥቃት በኋላ በ2018 ለሁሉም መሣሪያ 21 ያደረገችው ለዚህ ነው።

ትምህርት ቤት ላይ ከተኮሱት ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ መሣሪያውን የወሰዱት ከቤተሰብ ነው። ሚሺጋን ኦክስፎርድ ላይ 4 ተማሪዎች ከተገደሉ በኋላ ወላጆቹ በ2024 ተፈርዶባቸው እያንዳንዳቸው ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት አግኝተዋል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ የጎረሰ መሣሪያ መተው ከጥቅምት 2023 ጀምሮ በሕግ ያስጠይቃል። ለሱቃችሁም ሆነ ለቤታችሁ ሽጉጥ ያላችሁ ጥይቱን አውጡ፣ መሣሪያውን በብረት ሳጥን ቆልፉ፣ ጥይቱን በሌላ ቁልፍ ለብቻው አስቀምጡ። የሳጥኑን ቁጥር የልጅ ልደት ወይም የስልካችሁ መክፈቻ አታድርጉት፤ ልጆቻችሁ መጀመሪያ የሚሞክሩት እሱን ነው።